ጀርባህን አትስጥ

ሐምሌ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለልጄ ለአቡሽ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። የቀኝ ዓይኔ ሞራ ተገፎ ገና እንደተሸፈነ ነው። ጠብታውን እህትህ በሰዓቱ ታደርግልኛለች። ይህን የምጽፍልህ በአንድ ዓይኔ ነው። ፊደሉ ቢተልቅ፣ መስመሩም ቢጣመም፣ እየጮህኩብህ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እየጮህኩብህ ነው።

እናትህ ዛሬ ጠዋት ደወለች። ስለ ዓይኔ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ያንተን ጉድ ልትነግረኝ ነው። አማቶችህ ትናንት ማታ እራት ተጠርተው መጥተው፣ ያንተንና የጓደኞችህን ማጅራት ሲያዩ አመሹ አሉ። አማትህ ሁለቴ ወሬ ጀመሩ፣ ሁለቴም “ቆይ እማማ፣ ቅጣት ምት ነው” አልካቸው። እናትህ እንዳለችኝ፣ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ጨዋታ የተጀመረው መብራት ለሩብ ሰዓት የጠፋ ጊዜ ነው። ያኔ ሴትዮዋ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ሳቁም። መብራቱ ሲመጣ ሁላችሁም ተመልሳችሁ ዞራችሁ።

ሰው ጠርተህ ጀርባህን አትስጥ።

አሁን ደግሞ እሁድ የዓለም ዋንጫውን የፍጻሜ ጨዋታ እኛው ቤት ልታሳይ ነው። አልከለክልህም። እኔ ራሴ ስንቴ አሳይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እናትህም ሙሉውን አታውቀውም።

የ2005ን ጥምቀት ታስታውሳለህ፤ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር። አያትህ ከአጋሮ መጥተው ሰነበቱ። ጥር 13 ሰኞ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብታ፣ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከዛምቢያ ጋር ልታደርግ ነው፤ ዛምቢያ ደግሞ የዋንጫው ባለቤት። ሰፈሩ በሙሉ እኛ ሳሎን ነበር። አንተ ፊትህን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብተህ ወለል ላይ ተዘርግተሃል። አባቴ በዕድሜያቸው ኳስ አይተው አያውቁም። በዚያች ባለሦስት እግር በርጩማቸው በሩ ጥግ ቁጭ ብለዋል።

የሳላዲን ፔናሊቲ ከሸፈ። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ቀይ ካርድ አየ። እኛ ዳኛውን ስንረግም፣ አባቴ ከኋላ በቀስታ “ምን አጥፍቶ ነው የሚያስወጡት?” አሉ።

“አባባ፣ እስቲ አንዴ ዝም ይበሉ!” አልኳቸው። ጮክ ብዬ፣ ሰው ፊት።

ከእረፍት በኋላ አዳነ ሲያገባ ተቃቅፈን ስንዘል ዞር አልኩ። በርጩማዋ ባዶ ናት። ጓዳ ገብተው ከእናትህ ጋር ሽንኩርት ይልጣሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው የቀረቡ ሰው፣ ሽንኩርት! እኔም አንድ ለአንድ ነን ብዬ ወደ ሳሎን ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከአጋሮ ከመነሳታቸው በፊት ይደውሉ ነበር። “ዛሬ ኳስ አለ?” ይላሉ። ካለ አይመጡም። ተቀይመው ቢሆን ሽማግሌ እልክ ነበር። እንዳያስቸግሩን ብለው ነው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ ከተማው አልተኛም። ደወልኩና “አባ ጅፋር አሸነፉ!” ብላቸው፣ “ደግሞ ማንን ወጉ?” አሉኝ። ተሳሳቅን። ይምጡ አልኳቸው። “ኳሱ ይለቅ፣ እመጣለሁ” አሉ። በቀጣዩ ክረምት እኔ ነኝ አጋሮ የሄድኩት፣ ለቀብር።

በረኛው ተጋጣሚውን ክፉኛ መትቶ ነው የወጣው። በቃ። ይቺን ለመመለስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ስለ እሁዱ ልጻፍልህ ብዬ የት ገባሁ። ስማ። ጨዋታው ማታ 4 ሰዓት ይጀምራል። ጭማሪ ሰዓትና ፔናሊቲ ከመጣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ኳስ የማይወደውን ሰው 12 ሰዓት ላይ ጥራው፣ እራቱ ይቅደም። ኳስ እንዳለም አትደብቅ። የሐምሌን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ የምታውቀውን ባለባጃጅ ቀድመህ ያዝ። መሄድ የፈለገ በእረፍቱ ይሂድ፣ ሸኘው። ማደር ለሚፈልግም አልጋ ይነጠፍ።

ቡናው ሳሎን አይፈላ። ቡና የምታፈላ ልጅ ላይ “ዞር በይልን” እያላችሁ እንደምትጮሁ አውቃለሁ። ትንሿ ክፍል ትጠረግ፣ ቄጠማው እዚያ ይጎዝጎዝ፣ በሯ ግን ክፍት ይሁን። አቦሉን አንተ ራስህ ከእነሱ ጋር ጠጣ። የጨዋታውን እረፍት ደግሞ እዚያ ገብተህ ቁጭ በል። ስልክህን ሳሎን ተወው። እረፍት ላይም ተንታኞቹን ካዳመጥክ ምን እረፍት አለው?

ስጋ እንዳትሠሩ። ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፣ እኛ ያረድነውን አይበሉም። ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች ይበቃል፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ። ከሰል ዛሬ ግዛ፣ እሁድ እርጥብ ነው የምታገኘው።

ደግሞም ያልጠየቀህን ሰው ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አታስተምር። የጠየቀህን ግን መልስለት፣ ጎል እየገባም ቢሆን። ዞረህ፣ ዓይኑን እያየህ። ጀርባህን አትስጥ ብያለሁ።

የአያትህ በርጩማ ጓዳ ከጤፉ ጆንያ ኋላ ናት። አውጣና አቧራዋን ጥረግ። በሩ ጥግ ግን እንዳታስቀምጣት።

ለአማትህ ዛሬውኑ ደውል። በሚስትህ በኩል አይደለም፣ አንተ ራስህ። ይቅርታ በል፣ እሁድንም ንገራቸው። ከዚያ የጉልበታቸውን ነገር ጠይቃቸው፣ መብራቱ ሲመጣ የቱ ጋ እንዳቋረጥካቸው እናትህ ታስታውስሃለች።

አባትህ