ሙሽሮችን የግማሽ ሰዓት ሂና አትምከሯቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ሠርግ ዝግጅት ባወጣችሁት ገጽ ላይ ሂና ከተቀባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና እንደሚታጠብ፣ ቀለሙ ፈዞ ከታየም ለፀጉር የሚሆን ጥቁር ዱቄት ሊጨመርበት እንደሚችል የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። ጋዜጣችሁን ሳላነብ የማልፈው ሳምንት የለም፤ ደንበኞቼም ተራ ሲጠብቁ እየተቀባበሉ ያነቡታል። ነገሩ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ምክር የሙሽራዋን ገንዘብና የቀቢዋን ድካም ከንቱ ያስቀራል። ሁለተኛው ግን ሰው ይጎዳል፤ እርማት እንዲወጣበት እጠይቃለሁ።

ለገጣፎ መግቢያ ላይ አነስተኛ የሴቶች ውበት ሳሎን አለኝ። ከዚያ በፊት ቤይሩት ውስጥ በአንድ ሳሎን ተቀጥሬ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እዚያ ከፀጉር ሥራ ሌላ ሂናም፣ በመርጫ ቆዳ ላይ የሚነፋውን ስፕሬይ ታንም እሠራ ነበር። አንዱ ከቅጠል፣ ሌላው ከላቦራቶሪ የመጣ ቢሆንም ሁለቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ቀለማቸው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ከላይ የተቀባው ከተነሣ በኋላም መጥለቁን ይቀጥላል። ይህን ያልተረዳ ቀቢ ወይ ቶሎ ያጥባል፣ ወይ «አልያዘም» ብሎ የማይጨመር ነገር ይጨምራል።

ስፕሬይ ታን እዚህ አገር ብዙም አይታወቅም። ነጭ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ፀሐይ ላይ ሳይጋደሙ ጠየም እንዲሉ የሚቀቡት ፈሳሽ ነው። አሁን አሁን ግን ከውጭ የሚመጡ ልጆቻችን ሲያገቡ ፈረንጅ ጓደኞቻቸውን ለሚዜነት ይዘው ስለሚመጡ፣ ከከተማው ዳር ያለነውም ሳይቀር እንጠየቃለን። በአንድ የጥር ሠርግ ላይ እንዲህ የመጡ ሁለት ሚዜዎችን ዓርብ ማታ ቀባኋቸው። ሰፋ ያለ ጥቁር ልብስ ለብሰው አደሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሳፋ ውስጥ አቁሜ፣ ለብ ያለ ውኃ በጆግ እያፈሰስኩ ያለ ሳሙና አለቀለቅኋቸው። የሙሽራዋ አክስት ቡና ደርሷል ሊሉን ብቅ ሲሉ ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን ቡናማ ውኃ አይተው ክው አሉ።

«ውይ ልጄ! ሁሉም ታጥቦ ሄደ እኮ። ሠርጉ ነገ ነው፤ ምን ይሻልሻል?»

«አይዞዎት እትዬ፣ ይህ ሊታጠብ የተቀባ ነው። የሚቀረው ገና እየወጣ ነው» አልኳቸው።

እሑድ ጠዋት የልጆቹን ክንድ ይዘው እያገላበጡ ካዩ በኋላ፣ ምክንያቱን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ለእርሳቸው የነገርኳቸውን ለአንባቢዎቻችሁም ልንገር።

ፈሳሹ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ቀቢዋ የቀባችውንና የዘለለችውን ቦታ እንድትለይ የሚጨመር ቡናማ ማሳያ ቀለም ነው። ወዲያው የሚታየው፣ አንሶላ የሚያበላሸው፣ በመጀመሪያው ውኃ ወርዶ ሳፋ የሚሞላውም እሱ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የሚባል፣ በራሱ ቀለም የሌለው የስኳር ዓይነት ነው። ይህ ስኳር በሞቱ ሕዋሳት ከተሠራው የቆዳችን የላይኛው ስስ ንጣፍ ላይ ካሉ አሚኖ አሲዶች ጋር ሲገናኝ ቡናማ ቀለም ይፈጥራል። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ የሚቀላው፣ ቡናም ሲቆላ የሚጠቁረው በዚሁ ዓይነት ምላሽ ነው፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ቆዳን እንደሚያቀልም የታወቀው ደግሞ በ1950ዎቹ በአሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ከተማ ነው። ኢቫ ዊትገንስታይን የተባለች ተመራማሪ ለታመሙ ሕፃናት ይህን ስኳር በአፍ እየሰጠች ስታጠና፣ ቆዳቸው ላይ የነጠበበት ቦታ ሲጠቁር ልብሳቸውን ግን እንዳልነካው አስተዋለች።

ቀለሙ ከተቀባ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምራል፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስም እየጠለቀ ይሄዳል። የተለመደው ዓይነት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይነካ ቆይቶ ይለቀለቃል። ፈጣን የሚባለው ግን ከተቀባ ከ1፣ ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በኋላ ይለቀለቃል፤ ከ1 ሰዓት በኋላ የተለቀለቀው ፈካ ይላል፣ 3 ሰዓት የቆየው ይጠቁራል። «ፈጣን» የሚለው የሚለቀለቅበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ከተለቀለቀ በኋላ ያው እስከ ማግስቱ ድረስ መጥለቁ አይቀርም። ስለዚህ ሳፋው ውስጥ የወረደውን አይቶ መደንገጥ፣ ደንግጦም እንደገና መቀባት ነው ሰውን ብርቱካን የሚያስመስለው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ በመጀመሪያው እጥበት ሳሙናና ሻካራ ጨርቅ አያስፈልግም፤ ውኃው ጥርት ብሎ ሲወርድ ፎጣ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ሲነፋ ዓይን፣ ከንፈርና አፍንጫ ይሸፈናሉ፤ ወደ ውስጥ መተንፈስ አይገባም። ቆዳ ራሱን እየቀየረ ሲሄድ ቀለሙም በሳምንት ገደማ አብሮ ይለቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ መንገድ የጠየመ ቆዳ ከፀሐይ አይከልልም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ በጥር ጠራራ ሜዳ ላይ ፎቶ ሲነሡ የሚውሉ እንግዶች የፀሐይ መከላከያ ቅባታቸውን ጠይሜያለሁ ብለው እንዳይተዉት።

ወደ ሂናው ልመለስ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። የሂና ቅጠል ውስጥ ላውሶን የሚባል ብርቱካንማ ቀለም አለ። ቅጠሉ ተፈጭቶ፣ በሎሚ ጭማቂ ታሽቶ ለሰዓታት ሲቀመጥ ላውሶኑ ይወጣል፤ ሊጡ ቆዳ ላይ ሲደረግ ደግሞ ወደ ቆዳው ገብቶ ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት አያልቅም። ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል 8 ሰዓት ወይም ሌሊቱን ሙሉ ሊጡ ቆዳ ላይ መቆየት አለበት። ደርቆ እንዳይረግፍ ስኳር የሟሟበት የሎሚ ጭማቂ በጥጥ ነካ ነካ ይደረግበታል። ሲነሣም አይታጠብም፤ በማንኪያ ጠርዝ ወይም በቢላዋ ጀርባ ይፋቃል። ከዚያ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ውኃ ባይነካው ነው የሚሻለው።

ልክ በተፋቀበት ሰዓት ቀለሙ ብርቱካን መሆኑ ነው ብዙ ሙሽራ የሚያስለቅሰው። ዓርብ ጠዋት ስልክ ደውላ «አበላሸሽኝ» ያለችኝ ሙሽራ አለች። ትክክለኛው የሂና ቀለም ግን መጀመሪያ ብርቱካን ነው። ከአየር ጋር እየተገናኘ በ24 ሰዓት ይቀላል፣ በ48 ሰዓት ወደ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። መዳፍና የእግር ሥር ቆዳቸው ወፍራም ስለሆነ አብዝተው ይይዛሉ፤ የእጅ ጀርባና ክንድ ላይ ፈካ ብሎ ይቀራል፣ ያም ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ሠርጉ እሑድ ከሆነ ሂናው ሐሙስ ማታ ይቀባ፣ ዓርብ ጠዋት ይፋቅ፣ ቅዳሜን ደርቆ ይዋል። ቅዳሜ ማታ መጥታ «ለነገ ጥቁር አድርጊልኝ» የምትለኝን ሙሽራ፣ ገንዘቧን ባጣም፣ አይሆንም እላታለሁ። የሐረርና የድሬዳዋ እናቶች ይህን ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። አብራኝ የምትሠራው እህቴ ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ የሙሽራዋን እጅ በጥጥ ሸፍና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ነው ወደ ቤት የምትሸኛት።

እኛ አካባቢ ደግሞ ጽሑፋችሁ ያላነሣቸው ችግሮች አሉ። ብርዱ አንዱ ነው። ሂና ሙቀት ይወዳል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የቀዘቀዘ እጅ ቀለሙን ቶሎ አይዝም። ሙሽራዋ ጋቢ ተከናንባ፣ እጇን ከጋቢው ሥር አድርጋ ትቀመጥ። እባካችሁ ለማሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ፤ የከሰል ጭስ ተሸፋፍነው የተኙትን ሁሉ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው ውኃ ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሂናዋን በተቀባች ማግስት ውኃ ሲመጣ ሙሽራዋም ልብስ ላጥብ፣ ገላዬንም ልታጠብ ማለቷ አይቀርም፤ ሳምንቱን ሙሉ ደግማ ላታገኘው ትችላለችና አልፈርድባትም። ቀጠሮ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው የፈረቃውን ቀን የሆነው ለዚህ ነው። ሙሽራዋ ከሂናው በፊት ገላዋን ትታጠብ፤ ግድ ከሆነባት ደግሞ ሂናው የተፋቀበትን ቦታ የሰሊጥ ዘይት ቀብታ፣ እጇን በፌስታል አስራ ሌላዋ ሴት ታጥባት። ወይባ ጢስ የምትገባም ካለች አስቀድማ ትግባ። ቅቤ የጠጣ ቆዳ ሂና አይቀበልም፤ ቅባቱ በደንብ ከለቀቀ በኋላ ነው መቀባት።

አሁን ወደ ጥቁሩ ዱቄት እንምጣ። ንጹሕ ሂና መቼም ቢሆን በግማሽ ሰዓት ጥቁር አይሆንም። በግማሽ ሰዓት ድቅድቅ ጥቁር የሚያወጣ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል አለ፤ በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ይህ ኬሚካል በፀጉር ቀለም ውስጥ በመጠኑ የተፈቀደ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሲቀባ ከ2 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ቆዳ ላይ ለሥዕል መጠቀም ግን ክልክል ነው። ምክንያቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ቦታ ጥቁር ሂና የተቀባች አንዲት ሚዜ ከሠርጉ ሳምንት በኋላ ወደ እኔ መጣች። የእጇ ጀርባ ላይ ከአውራ ጣቷ ጀምሮ ወደ አንጓዋ የሚወጣ የአበባ ሐረግ ነበር። ቀለሙ ለቅቆ ሐረጉ ግን በእብጠት ተሥሏል። እያንዳንዷ ቅጠል ውኃ ቋጥራ አብጣለች፤ መስመሩ ሳይዛነፍ፣ ቀቢዋ በሣለችበት ልክ። የእኔ ሥራ አልነበረምና ወደ ሐኪም ላክኋት። ቁስሉ ሲድን ቦታው ነጣ ብሎ ቀረ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ሐኪሙ የነገራት ነው፤ ሰውነቷ ይህን ኬሚካል አንዴ ጠላት አድርጎ ስለያዘው ዕድሜ ልኳን የፀጉር ቀለም መቀባት ላይሆንላት ይችላል። ይህች ልጅ ሃያ ዓመት አልሞላትም።

አንዳንዷ ተቀብታ ምንም አልሆንኩም ትላለች። የመጀመሪያው ጊዜ ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ምልክቱም ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ቀጥሎ ሲነካት ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊነሣባት ይችላል። ጓደኛዬን ምንም አላደረጋትም ማለት ማስረጃ አይሆንም። ሸማቾች ንጹሑን ሂና የሚለዩበት ቀላል መንገድ አለ፦ ንጹሑ ዱቄት ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ቀቢዋም ለሰዓታት እንዲቆይ ትጠይቃለች። ሊጡ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል የተባለ ከሆነ እጅን መሰብሰብ ነው። ኮን በሚሉት ጫፉ የሾለ መያዣ ተዘጋጅቶ በሚሸጠው በአብዛኛው ላይ ምን እንደያዘ አልተጻፈበትም። ለሕፃናት ደግሞ ንጹሑም ቢሆን አይቀባ፤ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ሂና ደማቸውን ሊያፈርስ ይችላል፣ ማን እንደሚያንሰው ደግሞ በመልክ አይታወቅም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኮን የሚሸጠውን ሂና እንዲመረምርና ይዘቱ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም እንዲጻፍበት እንዲያደርግ፤ እናንተም እርማቱን ከጥር በፊት፣ ያንን ምክር ባወጣችሁበት በዚያው ገጽ ላይ፣ ሰዓቱን ከነቁጥሩ ጽፋችሁ እንድታወጡ። ለገጣፎ ብቻ በዚህ ጥር የሚያገቡት ብዙ ናቸው፤ ቀጠሮ መያዝ ከአሁኑ ጀምረዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሴቶች ውበት ሳሎን ባለቤት
ከለገጣፎ