ስለ አውሮፕላኑ ድምፅና ስለ መንገዱ

ሰላም ለሁላችሁ፣

በእንግሊዝ አገር በስታንስተድ ኤርፖርት ዙሪያ መንደሮች የምትኖሩ አባላት ፓሪሽ ካውንስሉ (የመንደሩ ምክር ቤት) ስለ አውሮፕላኑ ድምፅና በመንገዱ ስለሚፈጥኑት መኪኖች ለምን ዝም ይላል እያላችሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ሥልጣኑ ጠባብ ነው። እንደ ቀበሌ በሉት፣ ያውም አቅሙ ያነሰ።

የሌሊት በረራ ገደብ ለሂትሮው፣ ለጋትዊክና ለስታንስተድ ኤርፖርቶች የሚያወጣው ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ከምሽቱ 5፡30 እስከ ንጋቱ 12፡00 የበረራ ቁጥር ገደብም የድምፅ ኮታም (በጠቅላላ የሚፈቀድ የድምፅ መጠን) አለ። ፓሪሹ እዚህ ላይ ስለማይወስን አቤቱታችሁ መጀመሪያ ለኤርፖርቱ ይሂድ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ «ሁሌ ይረብሸናል» ብቻ ካላችሁ ማንም በረራውን ፈልጎ አያገኘውም።

መንገዱ ላይ ግን የምንሠራው አለ። የፍጥነት ወሰን የሚቀይረው ካውንቲው (ከፓሪሹ በላይ ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ቢሆንም፣ ፓሪሹ ካውንቲውን አስፈቅዶ የመኪናውን ፍጥነት ለሾፌሩ የሚያሳይ ሰሌዳ በራሱ በጀት መግዛት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ስፒድዋች የሚባለው አለ፣ ሥልጠና የወሰዱ ነዋሪዎች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ፍጥነት ይለካሉ፣ ታርጋውን ይመዘግባሉ፣ ፖሊስ ደግሞ ለመኪናው ባለቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል። ቅጣት የለውም። ቢሆንም ፖሊስ ደብዳቤ ቤቱ ድረስ የላከለት ሰው ትንሽም ቢሆን ይደነግጣል ባይ ነኝ።

የካውንስሉ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ፓስፖርት የሚጠይቃችሁ የለም። አጀንዳው ቢያንስ 3 ቀን ቀድሞ ይለጠፋል። ብዙውን ጊዜ ለነዋሪ መናገሪያ ደቂቃዎች ይሰጣሉ፤ እንግሊዝኛ የሚከብደው ካለ አብሬው እገባለሁ።

ለስፒድዋች ፈቃደኛ የሆናችሁ የመንደራችሁን ስም በውስጥ ላኩልኝ።