ደብዳቤ ለልጄ፦ ጽንሱ በመቀመጫው ሲመጣ

ልጄ፣

የላክሽልኝን የአልትራሳውንድ ውጤት አየሁት። አንቺ «ብሪች» (ጽንሱ በመቀመጫው ነው) የምትለዋ ቃል ላይ ቀርተሻል፤ ከሥሯ ያሉትን ግን አንብቢያቸው፦ 36 ሳምንት፣ የሽርት ውሃው በቂ፣ የእንግዴ ልጁ ከላይ፣ ግምታዊ ክብደት 2.7 ኪሎ። ሁሉም ላንቺ የሚያደሉ ናቸው። መውለጃው ሲደርስ ከመቶ 3 ወይም 4 ጽንሶች እንዲህ ይቀመጣሉ። ዳሩ ግን በመጀመሪያ እርግዝና ከአሁን በኋላ በራሱ የሚዞረው ጥቂቱ ስለሆነ ዝም ብለሽ አትጠብቂ።

በሚቀጥለው ክትትልሽ ቀድመሽ «ጽንሱን ከሆድ ላይ በእጅ ማዞር እዚህ ትሠራላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ከሌለ ወደሚሠራበት ሪፈር ይጻፉልሽ። በመጀመሪያ ሽንትሽን ትሸኚያለሽ፤ አልትራሳውንድ ይታያል፣ የጽንሱ የልብ ምት ይመዘገባል። ከዚያ ማህፀንሽን የሚያላላ መርፌ ትወጊያለሽ፤ እሱ ልብሽን ያስመታዋል፣ እጅሽን ያንቀጠቅጠዋል፣ አትደንግጪ። ሐኪሙ በአንድ እጁ መቀመጫውን ከዳሌሽ ወደ ላይ ያነሳል፣ በሌላው ጭንቅላቱን ወደ ታች እየገፋ ወደ ፊት ያዞረዋል። ያማል፤ ግን የደቂቃዎች ነገር ነው። የልብ ምቱ ከወረደ ወዲያው ይቆማሉ። ከሁለት አንዱ ገደማ ይሳካል፣ ለመጀመሪያ እርግዝና ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ከ200 አንዷ ግን አስቸኳይ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልጋት ስለሚችል ኦፕራሲዮን ክፍል በሌለበት ቦታ አይነካም። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ የሾተላይ መርፌውን ሳትወጊ እንዳትወጪ።

አክስቶችሽ ሆድ በቅቤ አሽታ የምታስተካክል ሴት እንደሚጠቁሙሽ አውቃለሁ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ሲሉሽ አሜን በይ፤ «እንሽሽ» ሲሉሽ ግን እንቢ። የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳይታይ፣ የልብ ምት ሳይሰማ መግፋት የእንግዴ ልጁን ሊያላቅቀው ይችላል።

ካልዞረስ? እግሮቹ የት እንዳሉ ጠይቂ። እግሩ ከመቀመጫው ቀድሞ ከሆነ የማህፀን በሩ በደንብ ስለማይደፈን እትብቱ ሾልኮ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ምርጫው ኦፕራሲዮን ነው። እግሮቹን ወደ ፊቱ ዘርግቶ በመቀመጫው ብቻ ከመጣ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ከሆነና ክብደቱ ከ4 ኪሎ በታች ከሆነ በምጥ መውለድ ይቻላል። አስቸጋሪው ጭንቅላቱ ነው። ትልቁ አካል መጨረሻ ላይ ስለሚወጣ መንገዱን ቀስ በቀስ የመልመድ ጊዜ አያገኝም። ገላው ያለፈበት የማህፀን በር ጭንቅላቱን ሊይዘው ይችላል። ሰው ተጨንቆ ሲጎትት ደግሞ ይብሳል፦ ክንዶቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ አገጩም ይቃናል። ጥሩ አዋላጅ የምትለየው እጇን መሰብሰብ በመቻሏ ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የ26 አገሮች ጥናት እንዳሳየው፣ በምጥ እንዲወልዱ ከታቀደላቸው 5 ከመቶ ሕፃናት ሲሞቱ ወይም ክፉኛ ሲጎዱ፣ በታቀደ ኦፕራሲዮን 1.6 ከመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪሞች በምጥ ማዋለዱን ስለተዉት ልምዱም ሳስቷል። ስለዚህ «ይቻላል» ሲሉሽ አትርኪ፤ ሌሊትም ሆነ እሑድ ተረኛው ይህን በእጁ የሠራ ሰው ነው ወይ በይ። መልሱ ከተድበሰበሰ ኦፕራሲዮኑን እመርጥልሻለሁ።

ቀጠሮው 39 ሳምንት ላይ ይሁን፤ ያለምክንያት ካስቀደሙት የሕፃኑ አተነፋፈስ ሊቸገር ይችላል። ደምሽ ይታይ፣ የሚሰጥ ደም ይዘጋጅ። ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ታቆሚያለሽ። ማደንዘዣው ወገብሽ ላይ ስለሚወጋ ነቅተሽ ልጅሽ ሲያለቅስ ትሰሚያለሽ። የመውጫ ወረቀትሽ ላይ ማህፀንሽ የተቀደደው በታችኛው ክፍል፣ አግድም መሆኑን አስጽፊ። ለሚቀጥለው በምጥ ለመሞከር ስታስቢ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ውሃው ከፈሰሰ ምጥ አትጠብቂ። ከአራት ኪሎ እስከ ጋንዲ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ የሚያደርስሽ ሰውና መኪና ከአሁኑ ይታወቅ። እትብት ከወጣ ወይም የሆነ ነገር ሲንጠለጠል ከተሰማሽ በጉልበትሽ ተንበርክከሽ ደረትሽን ወደ ታች፣ መቀመጫሽን ወደ ላይ አድርጊ፤ እትብቱን አትንኪው፣ እንደዚያው ሆነሽ ይውሰዱሽ።

ሌላው ዳሌው ነው። በመቀመጫ የቆየ ሕፃን የዳሌ መገጣጠሚያው ሊላላ ስለሚችል፣ ጭንቅላቱ ቢዞርም በምንም መንገድ ቢወለድም፣ በ6 ሳምንቱ የዳሌ አልትራሳውንድ ይነሳ። እግሩን ቀጥ አድርገው አጥብቀው እንዳይጠቀልሉት፤ ከወገቡ በታች ልቅ ይሁን።

እናትሽ