የዓሣዎቻችንን ፎቶ በጥራት ስለማንሳት

ለተከበራችሁ አባሎቻችን፣

ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ካሉ ቤቶቻችሁ የምትልኩልን የዓሣ ፎቶዎች እየበዙ መምጣታቸው እጅግ ያስደስተናል። ሆኖም በብዙዎቹ ላይ ከዓሣው ይልቅ የመስኮቱ ነጸብራቅ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ከማንሳታችሁ በፊት መጋረጃውን ዘግታችሁና የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ የገንዳውን መብራት ብቻ እንድትተዉ እንጠይቃለን። የገንዳው መስተዋትም በውስጥም በውጭም ይጽዳ።

ከሁሉም በላይ የካሜራው አያያዝ ወሳኝ ነው፤ ሌንሱ ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ ፊት ለፊት ካልተያዘና ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ብርሃኑ በውኃውና በመስተዋቱ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚሰበር የጎልድፊሹ ቅርፊት ጠርዙ ይደበዝዛል። በእጅ ስልክም ቢሆን ፍላሹን አጥፉ፣ የዓሣው ዓይን ላይ አነጣጥሩ፤ የካሜራውን መዝጊያ (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋውን ክፍል) ፍጥነት መወሰን የምትችሉ ደግሞ ከ1/200 ሰከንድ አታዘግዩት። ዓሣውን ለማስጠጋት ብላችሁ መስተዋቱን ፈጽሞ አታንኳኩ፤ ይደነግጣልና።