ጊታርሽን አትንቀዪ፤ ደብዳቤ ለልጄ

የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ትምህርቱ፣ የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳ ያው ሐዋሳ ናት። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፣ ወንድምሽ ደግሞ ክፍልሽን ወርሷል፣ እንዳትደነግጪ።

ባለፈው ደውለሽ የነገርሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ቸርች የመዝሙር ልምምድ ላይ በፔዳሉ የጊታሩን ድምፅ ትንሽ ሻከር አድርገሽ ስትመቺ፣ አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው "ይሄ ሮክ ነው፣ ሮክ የሰይጣን ነው" አሉሽ፤ አንቺም ገመዱን ነቅለሽ ቁጭ አልሽ። በስልክ ብዙ አልመለስኩልሽም። እናትሽን ታውቂያታለሽ፣ ስናደድ አፌ አይታዘዝልኝም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። በቴሌግራም ስለላክሁት ረዘመ ብለሽ እንዳታልፊው!

ሮክ የተወለደው ቸርች ውስጥ ነው ብልሽ ብዙም አላጋነንኩም። ብሉዝም አለበት፣ ካንትሪም አለበት፣ አልክድም። ግን ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባል ሴት ነበረች (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ አትደናገሪ)። በ1915 አርካንሳስ ውስጥ፣ ጥጥ ለቃሚዎች መንደር ተወለደች። እናቷ ወንጌል ሰባኪ ነበሩ፣ ማንዶሊንም ይጫወቱ ነበር። ልጅቷ በ6 ዓመቷ ከእናቷ ጋር እየዞረች፣ ጊታር እየመታች ትዘምር ነበር። አንቺ በዚያ ዕድሜሽ ከበሮ ብለሽ ድስቴን ነበር የምትደበድቢው።

የነሱ ቤተክርስቲያን ጴንጤቆስጣዊት ናት። በ1906 ሎስ አንጀለስ፣ አዙሳ ጎዳና ላይ የተነሣው መነቃቃት ካቀጣጠላቸው አንዷ ነበረች። መነቃቃቱን የመራው ዊልያም ሲሞር፣ ወላጆቹ ባሪያ የነበሩ ጥቁር ሰባኪ ነው። ሌሎቹ ምእመናን ቀጥ ብለው ቆመው በመጽሐፍ ሲዘምሩ፣ እነዚህ ከበሮውንም ጊታሩንም ጸናጽሉንም አስገቡ። "መዝሙር 150 እያለ ማን ይከለክለናል?" ነው ነገሩ። አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ይሄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ጭብጨባው ደግሞ ከአራቱ ምት ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚያርፈው። አሁን ተነሺና የፈለግሽውን የሮክ ዘፈን ክፈቺ፣ ድራመሩ ስኔሩን፣ ያን ጠጠር ያለ ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ፣ የት የት እንደሚመታ ቁጠሪ። ሁለትና አራት። እነዚያ ጥቁር እናቶች ሲያጨበጭቡ የነበሩበት ቦታ ላይ ነው።

ሮዜታ አድጋ በ1938 ኒውዮርክ ሄደችና የምሽት ክበብ ውስጥ መዝሙር መዘመር ጀመረች። የቤተክርስቲያን ሰው አዘነባት፣ አንዳንዱም ፊቱን አዞረባት። እሷ ግን ሁለቱንም አልተወችም። በ1944 ጊታሯን እየመታች የቀዳችው መዝሙር በሚቀጥለው ዓመት ወጥቶ በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። የመጀመሪያው የሮክ ቅጂ ይሄ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ1964 ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር፣ ሥራ ባቆመ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ዘመረች። ቪዲዮው አለ፣ ፈልጊው። በፈረስ ጋሪ መጣች፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ነጩን ጊታር አንጠለጠለች፣ ዝናቡም ወረደ። እሷ ምን ብትዘምር ጥሩ ነው? የኖኅን የጥፋት ውሃ! ከሐዲዱ ማዶ የተቀመጡት የፈረንጅ ወጣቶች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ስሟን ያስገባው በ2018 ነው፣ ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ። ይሁን፣ ከመቅረት መዘግየት።

ወንዶቹ የሮክ ኮከቦችማ ከዚያው ቤት ነው የወጡት። ኤልቪስ ያደገው ቱፔሎ በምትባል ከተማ በአሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ቸርች ነው። ያን ሁሉ ሚሊዮን ሸክላ የሸጠው ሰውዬ በውድድር ያሸነፋቸው ሦስት የግራሚ ሽልማቶች ሦስቱም በመዝሙር ናቸው። ፒያኖ መቺውን ጄሪ ሊ ሉዊስን ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያባረሩት መዝሙሩን ቡጊ በሚባለው የጭፈራ ምት ስለመታው ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ "ሲኦል የሚያስገባኝ ይሄ ፒያኖ ይሆን?" እያለ ተጨነቀ። ሊትል ሪቻርድ በ1957፣ ስሙ ጣሪያ በነካበት ሰዓት፣ ዘፈኑን ጥሎ የአድቬንቲስት ኮሌጅ ገባ። ከዚያ ተመለሰ። ከዚያ እንደገና ተወው።

እኔን የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። እነዚህን ሰዎች ጊታሩና ፒያኖው ብቻ እንዲህ ያንገላታቸዋል ብዬ አላምንም። መጠጡም፣ ገንዘቡም፣ ሴቱም ነበረ፣ የራሳቸው ጥፋት ነው፣ ልሸፋፍንላቸው አልልም። ግን በልጅነታቸው "ወይ ይሄን ወይ ያን" ያላቸው ሰውም እጁ አለበት። ያንን ነገር አንቺ ላይ እንዲደግሙት አልፈልግም። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

እዚሁ አገርም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ እዚሁ ሐዋሳ የስዊድኖቹ የፊላዴልፊያ ሚሽን በክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር። ከየቦታው ተማሪ ይመጣል፣ መነቃቃቱም ከተቀጣጠለባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። ያኔ "ጴንጤ" ስድብ ነበር። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ቸርቹ ተዘጋ፣ ሰው በየቤቱ መስኮት ዘግቶ በሹክሹክታ መዘመር ጀመረ። ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት 7 ዓመት ታሰረ፣ መዝሙሩ ግን በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አያትሽ ጊታር ይዘን ስንዘምር መጀመሪያ ያየችን ቀን "ይሄማ የአዝማሪ ሥራ ነው!" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። በገናና መሰንቆ እያላችሁ ይሄን ከየት አመጣችሁት ነው የምትለው። አሁን ማን ነው "ያቺን የጊታሯን ድገሚልኝ" የሚለኝ? እሷው ናት።

ከዚያ በኋላ የመጡትን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። ላሪ ኖርማን በ1969 ጸጉሩን አስረዝሞ ስለ ኢየሱስ ሮክ አወጣ። ቦብ ዲላን በ1979 አምኖ ሲዘምር የድሮ አድማጩ ተቆጣ። ስትራይፐር የሚባሉት የሮክ ባንድ ልጆች ቢጫና ጥቁር ጥብቅ ሱሪ ለብሰው ለተመልካች መጽሐፍ ቅዱስ ይወረውሩ ነበር (ሱሪውን ተይው)። እኔ የምወደው የአየርላንዶቹን ባንድ፣ የዩቱን ነው። በ1983 ባወጡት አልበም መጨረሻ ላይ መዝሙር 40ን አስገቡ፤ እኛ "ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት" የምንለውን። ለዓመታት ኮንሰርታቸውን የሚዘጉት በሱ ነበር። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ከመድረክ ይወርዳሉ፣ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ብቻውን እየዘመረ ይቀራል። ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ ዳዊትን እንደሚዘምር ያውቅ ይሆን?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እኚያ ሰው ላይ አታኩርፊ። ከእሑዱ ፕሮግራም በኋላ ቡና ጋብዣቸው፣ በአክብሮት "አባባ፣ ያልወደዱት ድምፁን ነው ወይስ ሌላ የሰሙት ነገር አለ?" በያቸው። ስለ ሮዜታም ንገሪያቸው። ግን አንድ ነገር ላይ ከሳቸው ጋር ነኝ፣ ብትቆጪም አልሸሽግሽም። ባለፈው የላክሽልኝ ቪዲዮ ላይ የመዝሙሩ ቃል አንድም አይሰማም! ጊታር፣ ድራም፣ እንደገና ጊታር። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት እናቶች ምን ብለው ይቀበሉ? ሚክሰሩ ላይ ያለውን ልጅ ማይኩን ከፍ፣ አንቺን ዝቅ እንዲያደርግ ንገሪው፣ ሻካራውን ድምፅ ለፈጣኖቹ አስቀምጪው። ሮዜታ እንኳ ያን ያህል ስትመታ እያንዳንዱ ቃሏ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ቪዲዮውን ስታይ እሱንም ልብ በዪ።

ክሩ ተበጥሷል ያልሽኝን አልረሳሁም፣ ብሩን በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ለገና ስትመጪ ጊታሩን ይዘሽ ነይ። አምፑን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ተይው፣ ከጎረቤት ጋር አታጣዪኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣
እናትሽ፣ ከሐዋሳ