የአንዲት እናት ሦስት ጉዞ፦ ለዐይን ሕክምና የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ቡታጅራ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ አንዲት እናት ከሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው የያዟትን ወረንጦ ፈትተው አሳዩን። ብረቷ ከእጅ ብዛት ለስልሳለች። የልጅ ልጃቸው በየጊዜው አጠገባቸው ተቀምጣ ሽፋሽፍታቸውን አንድ በአንድ ትነቅልላቸዋለች፤ ለጥቂት ቀናት እፎይ ይላሉ። ከዚያ ፀጉሩ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሕመሙም ከበፊቱ ይብሳል። አሸዋ ገብቶ የቀረ ይመስላል አሉን። የምድጃው ጢስ፣ የሜዳው ፀሐይ፣ የሚለቀመው በርበሬ ሁሉ ለእሳቸው ሥቃይ ነው። ልጅቷ ደግሞ አያቷን ስለምትመራ ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

እኛ በአዲስ አበባ የአንድ ላየንስ ክለብ አባላት ነን። መምህር፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ልብስ ሰፊ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር በመካከላችን አሉ። በወር ሁለት ጊዜ ተሰብስበን ስለ ሥራ እንነጋገራለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ የታመመ አባል ካለ እንጠይቃለን። ከእድር የሚለየን የምናዋጣው ለራሳችን ቤት ሳይሆን ለማናውቀው ሰው ቤት መሆኑ ነው። የላየንስ ክለቦች እ.ኤ.አ. በ1917 በቺካጎ ነጋዴው በሜልቪን ጆንስ አነሣሽነት ተመሠረቱ። በ1925 ማየትም መስማትም የተሳናት ሄለን ኬለር በኦሃዮ ጉባኤያቸው ላይ ተገኝታ ለዐይነ ስውራን እንዲቆሙ ለመነቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዐይን ጤና የክለቦቹ ትልቁ ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ ለእኛም እንደዚያው ነው።

እኚህን እናት የያዛቸው ትራኮማ ነው፤ በአገራችን የዐይን ማዝ እንለዋለን። ሕፃን ሳሉ ይጀምራል። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በትራስ ጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። እየዳነ እየተመለሰ ለዓመታት ሲመላለስ የዐይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰስና ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱም ሰውየው ዐይኑን በጨፈነ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። በመጨረሻ ብርሃኑ ይጠፋል። ሕፃናትን የሚያቅፉት፣ ፊታቸውን የሚጠርጉት እናቶች በመሆናቸው ሴቶች በዚህ በሽታ የሚታወሩት ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ በሚደርስ መጠን ነው። ከዓለም አገሮች ሁሉ ትልቁን ሸክም የተሸከመችው ደግሞ ኢትዮጵያ ናት።

ይህን ጥሪ የምናቀርበው መድኃኒት ስለጠፋ አይደለም። አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን ፋይዘር ኩባንያ በነፃ ይሰጣል፤ በዘመቻ በየቤቱ ይታደላል። የተቀለበሰውን የዐይን ቆብ የሚመልሰው ቀዶ ሕክምናም ለዚሁ በሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠራል። ቆቡን ያደነዝዙታል፣ ይሰነጥቁታል፣ ወደ ውጭ መልሰው ይሰፉታል። ለአንድ ዐይን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ በዘመቻ ሲሰጥ ታካሚዋ አትከፍልም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማላዊ በ2022 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን ማስቀረታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። የሚቻል ነገር ነው።

ታዲያ እኚያ እናት ለምን አልታከሙም? ቁጭ ብለን ስንጠይቃቸው አንድ በአንድ ነገሩን። ጤና ጣቢያው ድረስ ለመሄድ ሰው ይዘው መሄድ አለባቸው፤ የሚይዛቸው ሰው የቀን ሥራውን ይተዋል። ቀዶ ሕክምናው በተሠራ በማግስቱ ፋሻው የሚፈታው እዚያው ነው፤ ማደሪያ ግን የላቸውም። ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ክሩ የሚወጣበት ቀን አለ። ሦስት ጊዜ መሄድ፣ ሦስት ጊዜ መመለስ፣ ያውም ለሁለት ሰው። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ሥራና በአንዲት ሴት ዐይን መካከል የቆመው ይህ ነው። ክለባችን ዘንድሮ ሊሸፍነው የተነሣውም ይህንኑ ነው፦ የታካሚዋንና የአጃቢዋን ሦስቱንም ጉዞ፣ በማግስቱ መመለስ ለሚከብዳቸው የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ ምግባቸውን። የተመለሰው ቆብ አንዳንድ ጊዜ እንደገና ሊቀለበስ ስለሚችል ከወራት በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄደን የምናይበትንም እናስባለን። ብዙ ዘመቻ የሚረሳው ይህን ይመስለናል።

ሁለተኛው ሥራችን ከልጆቹ ይጀምራል። ፊቱ የታጠበ ልጅ ዝንብ አይወረውም። ትምህርት ቤቶቹ ግን ውኃ የላቸውም፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ወደ ሜዳው ይፈስሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ትምህርት ቤቶች አሸንዳ ልንገጥም፣ ሮቶ ልናቆም፣ ከሥሩም ትንንሾቹ የሚደርሱበት ዝቅ ያለ ቧንቧ ልናስገባ ነው። ልጆች ፊታቸውን ለመታጠብ ብዙ ውኃ አያስፈልጋቸውም። ዝንቧ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ በመሆኑ የመጸዳጃ ቤቶቹም ጥገና አብሮ ይሠራል፤ ጉልበቱን ወላጆች በደቦ ሊያዋጡ ቃል ገብተዋል።

ለጉራጌ ልጆች፣ ለመስቃንና ለማረቆ፣ ለስልጤም ልጆች በተለይ አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። ዛሬ ከዓለም ገና ተነሥታችሁ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የምትሄዱበት መንገድ በንጉሡ ዘመን በመንገድ ሥራ ማኅበር ሲጀመር ከመርካቶ ነጋዴና ከአገሬው ገበሬ መዋጮ ተሰብስቦለት ነበር። አባቶቻችሁ ሳንቲም ለሳንቲም አጋጥመው መንገድ አስገቡ። እኛ የምንጠይቃችሁ በዚያው መንገድ ላይ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ እንድትመላለስ ነው።

የነዳጁም የምግቡም ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁርጥ ያለ የብር መጠን አናወጣም። መለኪያችን የአንዲት እናት ሦስት ጉዞ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊወስደው ይችላል፤ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ እቁብ፣ አንድ የተማሪዎች ክፍል ተባብሮ ሊወስደው ይችላል። በዋሺንግተን፣ በጂዳና በዱባይ ያላችሁ ወገኖቻችንም በማኅበሮቻችሁ በኩል እንዲሁ። ገንዘብ ባይኖርም ሌላ የሚሰጥ ነገር አለ። ሚኒባስ ያለው ሁለት ቀን ቢሰጠን፣ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው ለአንድ ሌሊት ቢያሳድርልን፣ የቧንቧ ሠራተኛ አንድ ቅዳሜውን ቢለግሰን ከብር አናሳንሰውም። ብርድ ልብስና ሳሙናም እንቀበላለን።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንናገር። ከሕዝብ የተሰበሰበ ብር ለክለቡ የራሱ ወጪ እንዳይውል የላየንስ ክለቦች ደንብ ይከለክላል። ስለዚህ ሁለት ሒሳብ አለን፤ የስብሰባችንን ቡናና የአዳራሽ ኪራይ ከኪሳችን በምናዋጣው እንከፍላለን፣ የእናንተ መዋጮ በሌላው ሒሳብ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ሰጪ ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይቆርጣል። ሥራው ሲያልቅ ስንት ሰው እንደታከመ፣ ስንት ሰው ፈርቶ እንደቀረም ጭምር ጽፈን እናሳውቃለን፤ የሚፈሩ አሉና። ፈሪውን የሚያሳምነው ታክማ የተመለሰች ጎረቤቱ እንደሆነች አይተናል።

ቀዶ ሕክምናው የሚጀመረው በጥር ነው፤ ሰብሉ ከገባ፣ መንገዱም ከደረቀ በኋላ። መዋጮውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ መሰብሰብ አለብን። ከዚያ በፊት ግን መስቀል አለ። አገር ቤት የምትገቡ ሁሉ ለእናቶቻችሁና ለአክስቶቻችሁ ከምትይዙት ስጦታ ጋር ሳሙና ጨምሩ። ክትፎው ቀርቦ ስትጨዋወቱ ዐይናቸውን ቀረብ ብላችሁ እዩልን፤ ብርሃን የምትሸሽ፣ ዐይኗ ሁልጊዜ የሚያነባ፣ ወረንጦ የምትይዝ እናት ካለች ስሟን፣ ቀበሌዋንና የሚያጅባትን ሰው ስም ጽፋችሁ አምጡልን። የጥር መዝገባችን የሚከፈተው በእነዚያ ስሞች ነው።