ክዳኑን ማን ወሰደው?

ይድረስ ለእማዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። ስልክ ላይ ግማሹን ሳትሰሚ «እሺ፣ እሺ» እያልሽ እንደምታልፊኝ ካወቅሁ ቆየሁ። ይሄን ግን ግማሹን ብቻ እንድትሰሚው አልፈልግም። ፊደሉን ያገዘፍኩት ለዓይንሽ ብዬ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ለማንም አታስነብቢ። መጨረሻ ላይ የምጠይቅሽ ነገር አለ፤ የሁለታችን ብቻ ነው።

እንግዲህ አስተማሪ ከሆንኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ያውም እዚያው በተማርኩበት ትምህርት ቤት። «እንዴት ነው?» ስትይኝ «ጥሩ ነው» እያልኩ ነው የማልፈው። ጥሩ ነው። ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሰው ወደ ልጅነቱ ቦታ ሲመለስ ሁሉም ነገር ያንስበታል ይባላል አይደል? እኔም ግቢው ያንስብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላነሰም። ደረጃው እንዲያውም ረዝሟል። ጉልበቴ ነው መሰለኝ።

የከበደኝ ምላሴ ነው። ካስተማሩኝ መምህራን ሦስቱ አሁንም እዚሁ ናቸው። አንደኛው የኬሚስትሪ መምህሬ የነበሩት ናቸው፤ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ቀርቷቸዋል። በመጀመሪያው ቀን መምህራን ክፍል ስገባ «እዚህ አንቱታ የለም፣ አንተ በለኝ» አሉኝ። አፌ እንቢ አለ። «አንተ» ማለት አልቻልኩም፤ «እርስዎ» ስላቸው ደግሞ ይቆጡኛል። ታዲያ ምን አደርጋለሁ መሰለሽ? ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር አሳድዳለሁ። «ቁልፉን የት አደረጉት?» ማለት ሲያምረኝ «ቁልፉ የት ነው ያለው?» እላለሁ። «ስብሰባ ይገባሉ?» በማለት ፈንታ «ስብሰባው አሁን ነው አይደል?» እላለሁ። ሰዋስው እንዲህ ጠቅሞኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ሳላስበው «አንተ» አመለጠኝ። ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ጥፋት ያጠፋ ልጅ መስዬ ዋልኩ።

ማስተማር የማውቅ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ዳን ሎርቲ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1975 ስለዚህ ነገር ጽፏል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ወደ 13,000 ሰዓት ያህል ከአስተማሪዎች ጋር ያሳልፋል ይላል። ይህን ያህል ሲያይ የኖረ ሰው ሥራውን ያወቀው ይመስለዋል። ያየው ግን ከተማሪ ወንበር የሚታየውን ብቻ ነው። ዝግጅቱን አላየም። አስተማሪው በሆዱ የሚያስበውን አላየም።

እኔ ይሄ የገባኝ በኋላ ጥግ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ያለችዋ የመጨረሻ ወንበር፣ ስንሻማባት የነበረችው። አስተማሪ የማያያት ቦታ ናት ብለን ነበር። ሌላ የቤት ሥራ የምንሠራው፣ የምናንቀላፋው፣ ወረቀት የምንለዋወጠው እዚያ ነበር። ከፊት ቆሜ ሳየው ግን ክፍሉ ውስጥ እንደዚያች ጥግ ፍጥጥ ብሎ የሚታይ ቦታ የለም! ለካ ሁሉን ያዩ ነበር። አይተው ነው ዝም የሚሉት። መምህሬን ጠየቅኳቸው። «ሁሉንም ካየሁ መቼ ላስተምር?» አሉኝ።

ሌላ የተማርኩትን ልንገርሽና ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። ጥያቄ ጠይቄ ዝም የሚሉኝ ልጆች አሉ። መልሱን የማያውቁት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መምህሬ ከኋላ ተቀምጠው ትምህርቴን ተከታተሉ። ሲያልቅ «ጠየቅህ፣ ራስህ መለስክ፣ ልጆቹ የሉበትም» አሉኝ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይሄንኑ በሰዓት ለክታው ነበር። አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ «አላውቅም» የሚሉት ይቀንሳሉ፤ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ! ምንም አይመስልም አይደል? አርባ ልጅ ፊት ቆሞ መቁጠር ነው እንጂ። አንድ... ሁለት... ላብ ያሰምጣል።

ስቆጥር ሁልጊዜ ትዝ የምትይኝ አንቺ ነሽ። አምሽቼ ስገባ «የት ነበርክ?» ትይና ዝም ትያለሽ። አትጮኺም፣ አትደግሚውም። ሥራሽን እየሠራሽ ዝም። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታ መሙላት አለብኝ። እውነቱን ያወጣሽብኝ ሁልጊዜ በዚያ ዝምታ ነው። ከአንድ ጊዜ በቀር።

እሱን ነው የምጽፍልሽ።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ ወላጅ አምጣ የተባልኩበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ቴርሞሜትር ተሰብሮ። ያኔ የላብራቶሪው ቴርሞሜትር የሜርኩሪ ነበር። አሁን የለም። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አብዛኛውን የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ አድርጓል። ሚናማታ የጃፓን ከተማ ናት፤ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ ሜርኩሪ ዓሣውን በክሎ ሕዝቡን የፈጀባት። አሁን የምንጠቀምባቸው ውስጣቸው ቀይ ቀለም የገባበት አልኮል ነው። ሲሰበሩ እንኳ ደስ አይሉም። የሜርኩሪው ግን፣ እማዬ፣ ሲሰበር ወለሉ ላይ እንደ ብር ዶቃ ተበታትኖ ይሮጣል። ሁለቱን ስታቀራርቢያቸው ዘለው አንድ ይሆናሉ።

የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። እንደ ሰይፍ እያወዛወዝኩት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨሁት። ይሄን ዛሬ ገና ነው የምነግርሽ። «ድሮም ስንጥቅ ነበረበት፣ ስይዘው ተሰበረ» ብዬሽ ነበር። አንቺም እንደልማድሽ ዝም አልሽ። እኔም ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝምታሽን አሸነፍኩት ብዬ ኮራሁ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሽ፤ እኔ ከኋላሽ ቆምኩ። መምህሩ የሆነውን ነገሩሽ። አንቺ «ልጄ አልሰበርኩም ካለ አልሰበረም» አልሽ። ድምፅሽ ቀጥ ያለ ነበር። ጀርባሽም እንዲሁ። ከኋላ ሆኜ የማየው እሱን ብቻ ነበር፤ ጀርባሽን። እናቴ አመነችኝ አልኩ። እፎይ ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ ደግሞ ለብዙ ዓመት ሲያሳፍረኝ ኖረ።

አሁን የመጣሁበትን ስሚ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዱ ተማሪዬ ቴርሞሜትር ሰበረ። ሲያወዛውዘው በዓይኔ አይቻለሁ። «እኔ አይደለሁም» አለኝ። ወላጅ ተጠራ፤ የጠራሁት እኔ አይደለሁም፣ አሠራሩ ነው። እናቱ መጣች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ከኋላዋ ቆመ። ነገርኳት። «ልጄ አልሰበርኩም ካለ አልሰበረም» አለችኝ።

ቃል በቃል ያንቺ ነው። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው። ከኋላ የቆመው ልጅ ትከሻው ሲወርድ አየሁ፤ እፎይ ሲል። እኔ ግን በዚህኛው ቀን ከፊት ነኝ። ፊቷን አየሁት።

እማዬ፣ ሴትዮዋ ታውቃለች። በደንብ ታውቃለች። አፏ አንድ ነገር ይላል፣ ዓይኗ ደግሞ «ተወኝ፣ ቤት እንነጋገራለን» እያለ ይለምነኛል። ሦስት ሰከንድ መቁጠር የለመድኩት ሰውዬ መቁጠር ጠፋኝ። «እሺ፣ የቀረው የእኔና የሱ ነው» ብዬ ሸኘኋት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪ ባለን ቁጥር ማንም ሳያዘው ከክፍል ወደ ኋላ ቀርቶ ዕቃ ያጥባል። ስለ ቴርሞሜትሩ አንድም ቀን አላወራንም።

እና ያን ምሽት ቤት ገብቼ ማሰብ ጀመርኩ። ፊትሽን አላየሁትም ነበር እኮ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ስለ ጀርባሽ ነው ሳስብ የኖርኩት።

በማግስቱ መምህሬን ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ትዝ ይልዎታል? አልኩ (በዚህ ጊዜ አንቱታውን አልተቆጡም)። አሰቡ፣ አሰቡ። «እኔ ላይ የተሰበረ ቴርሞሜትር ስንት ነው!» አሉ። እኔ ይሄን ያህል ዘመን የተሸከምኩት ነገር እሳቸው ዘንድ የለም። አንቺን ግን ያስታውሳሉ። «እናትህ ስትወጣ ተመልሳ ገብታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ» አሉኝ። ምን ብላ? «ያ የሚንከባለለው ነገር ለሰው ይመርዛል ወይ ብላ።»

አየሽ? እዚህ ጋ ነው የቆምኩት።

አንድ ሌላ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው። ያን ቀን ከወለሉ ላይ ትንሽ ሜርኩሪ ለቅሜ በእስክሪብቶ ክዳን ውስጥ ከትቼ ቤት አምጥቼ ነበር። ጫፉን በማስቲካ ደፍኜ፣ አልጋዬ ሥር ከጫማዎቹ ኋላ ደበቅሁት። ማታ ማታ እያወጣሁ አየው ነበር። በሳምንቱ ስፈልገው የለም። ክዳኑም የለም። ያኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ምን ነበር መሰለሽ? «ተነነ።» የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ እኮ! ክዳኑ እንዴት እንደተነነ ራሴን አልጠየቅሁም።

በዚህ ወር ስለ ትነት ሳስተምር ነው የሳቅሁት። ሜርኩሪ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በክፍል ሙቀት ይተናል፣ እውነት ነው፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚተነው። የተደፈነ ጠብታ በሳምንት አያልቅም። ፕላስቲክ ክዳን ይዞማ ጭራሽ።

አልጋዬ ሥር የሚጠርግ ሰው ደግሞ ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

ካገኘሽው ውሸቴን አውቀሻል ማለት ነው። ያገኘሽው ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት ከነበረ ደግሞ... እሱ ሌላ ነገር ነው። መምህሩን ያን ጥያቄ የጠየቅሽው ለዚያ ነው? እያወቅሽ ነው «አልሰበረም» ያልሽው? ከሆነስ ለምንድነው ቤት ስንገባ አንዲት ቃል ያልተናገርሽኝ? እኔ ዝምታሽን አሸነፍኩ እያልኩ ስኮራ አንቺ ምን እያሰብሽ ነበር? ደግሞ በባዶ እጅሽ ነው የያዝሽው? የት ጣልሽው? አሁን ሳስበው የሚያስጨንቀኝ ይሄም አለ።

እየከሰስኩሽ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ። ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። በየዓመቱ እናቶች እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከፊታቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እዚያ ለመቀመጥም ያንቺን ፊት ሳላየው የሚሆን አልመሰለኝም።

የፈተና እርማቱን ስጨርስ እመጣለሁ፤ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። በስልክ እንዳትመልሺልኝ። ደውለሽ «ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው!» ብትይኝም አላወራም። ስመጣ ከፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ፤ አንዴ ጠይቄሽ ዝም እላለሁ። እስክትናገሪ ድረስ።

ልጅሽ

ድጋሚ፦ የዓይን ጠብታሽን ጠዋትና ማታ ነው ያሉሽ። ማታውን እየዘለልሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ።